ባሕር የሌላት አገር መርከብ፤ በገዋኔ መንገድ ላይ የሚነበብ የኢኮኖሚ ትምህርት

(የኅብረተሰብ ትምህርት ጥናት ዓምድ)



ስለ መርከብና ስለ ወደብ ማስተማር የባሕር ዳር ሰዎች ሥራ ይመስላል። ገዋኔ ተቀምጦ ስለ መርከብ መጻፍ ደግሞ አንዳንዱን «ምነው? ባሕር በሌለበት!» ሊያሰኘው ይችላል። እኛ ግን ተቃራኒውን እንላለን። በአገራችን የመርከብ ንግድ በዓይን የሚታይበት ቦታ ቢኖር ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ በኩል ወደ ጋላፊ የሚወርደው መንገድ ነው። ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው ተሳቢ የጫነው ኮንቴይነር፣ ቦቴው የተሸከመው ነዳጅ፣ በሸራ የተሸፈነው ማዳበሪያና ስንዴ፣ ሁሉም ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መርከብ ላይ የነበረ ነው።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ቆመን «ወደብ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ብዙው ተማሪ ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ነው። መኪናውን ግን በየቀኑ ያያል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመርከብ ንግድ ምን እንደሆነ፣ በባሕር የተከበቡ አገሮች እንዴት እንደሚኖሩበት፣ ባሕር የሌላት አገራችን ደግሞ በምን መንገድ እንደምትጠቀምበትና ምን ያህል እንደሚያስከፍላት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሀ/ ባሕር የከበባት አገርና መሬት የከበባት አገር

የደሴት አገር ማለት ዙሪያዋን በውኃ የተከበበች አገር ናት። ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ መርከብ ያስፈልጋታል። እህሏ፣ ነዳጇ፣ ልብሷ፣ መድኃኒቷ በባሕር ይመጣል፤ ምርቷም በባሕር ይወጣል። ኢትዮጵያ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ናት። ዙሪያዋን በመሬት ተከባ ወደ ባሕር ለመድረስ የጎረቤት አገር ማቋረጥ አለባት። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ አገሮች ከ40 በላይ ሲሆኑ 16ቱ በአፍሪካ ውስጥ ይገኛሉ። በሕዝብ ብዛት ከሁሉም የምትበልጠው ኢትዮጵያ ናት።

እንግዲህ ብዙ ሰው «ባሕር ያለው ሀብታም፣ ባሕር የሌለው ድሃ» ብሎ በአንድ ቃል ይደመድማል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለት የደሴት አገሮችን ወስደን እንይ።

የመጀመሪያዋ ሲንጋፖር ናት። ነጻ አገር የሆነችው በነሐሴ ወር 1957 ዓ.ም. ነው። የቆዳ ስፋቷ ወደ 730 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከእኛ ወረዳዎች ብዙዎቹ ይበልጧታል። የነዳጅ ጉድጓድ የላትም፤ የሚታረስ መሬቷ እዚህ ግባ አይባልም፤ የመጠጥ ውኃዋን እንኳ ከፊሉን ከጎረቤቷ ከማሌዥያ ትገዛለች። ያላት ዋና ሀብት አቀማመጧ ነው፤ ይኸውም የሕንድ ውቅያኖስንና የቻይናን ባሕር በሚያገናኘው በማላካ መተላለፊያ አፍ ላይ መገኘቷ ነው። አቀማመጥ ብቻውን ግን ዳቦ አይሆንም። የወደብ ባለሥልጣኗን ያቋቋመችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ኮንቴይነር የሚባለው ሣጥን ገና በዓለም ሳይለመድ ለእሱ የሚሆን ማራገፊያ ሠርታ በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የኮንቴይነር መርከብ ተቀበለች። ዛሬ ሲንጋፖር ወደብ ከሚገባው ኮንቴይነር አብዛኛው የሲንጋፖር ዕቃ አይደለም። ከአንዱ መርከብ ወርዶ በሌላው ተጭኖ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ሲቆጠር ከ40 ሚሊዮን በላይ አስተናግዳለች። ማለትም የሌላውን ሰው ዕቃ በፍጥነትና ያለ ስሕተት በማሸጋገር ትኖራለች።

ሁለተኛዋ ሞሪሺየስ ናት። ይህች ደሴት በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሸንኮራ አገዳ እያመረተች የኖረች ናት። ዋና ከተማዋ ፖርት ሉዊስ ከአውሮፓ ተነሥተው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞረው ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች ውኃና ስንቅ የሚይዙባት ማረፊያ ነበረች። በኅዳር ወር 1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ግን መርከቦቹ አቋራጭ አገኙና ከደሴቲቱ ራቁ። ሞሪሺየስ ባሕሯን አላጣችም፤ ባሕሩ እዚያው ነው። ያጣችው መንገደኛውን ነው።

ከሁለቱ የምንማረው ምንድን ነው? ባሕር ማለት መንገድ ማለት ነው። መንገድ ደግሞ ሰው ሲሄድበት ይጠቅማል፤ ሲተወው ዳገት ሆኖ ይቀራል። ሀብት የሚያስገኘው የውኃው መኖር ሳይሆን በውኃው ላይ የሚደረገው ሥራ ነው።

ለ/ ከቦዩ መከፈት እስከ ጋላፊ

የስዊዝ ቦይ ሞሪሺየስን ሲጎዳ ቀይ ባሕርን ግን ተፈላጊ አደረገው። ቦዩ በተከፈተበት በዚያው በኅዳር 1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ የሚባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ዳርቻ በግዢ ያዘ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። አንድ ቦይ ሩቅ አገር ላይ ሲቆፈር የአፋር ጠረፍ ዕጣ እንዴት እንደተለወጠ ልብ እንበል። የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ትምህርት ዋና ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

በሌላው በኩል ፈረንሳዮች በያዙት በጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የአዋሽ ከተማም የዚህ ባቡር ልጅ ናት። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብና ምጽዋ በአገራችን አስተዳደር ሥር ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ተቋቋመ። ከላይ እንዳየነው ሲንጋፖር የወደብ ባለሥልጣኗን ያቋቋመችው በዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ዓመት ጀምረው የተለያየ ቦታ መድረሳቸው ለውይይት የሚጋብዝ ነገር ነው። የሁለቱን ልዩነት በባሕር መኖርና አለመኖር ብቻ እንዳናስረዳው ግን እንጠንቀቅ፤ በዚያን ጊዜ እኛም ባሕር ነበረን።

የንግድ መርከባችን ገና ሥራውን እየለመደ ሳለ በ1959 ዓ.ም. በእስራኤልና በዐረቦች ጦርነት ምክንያት የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ተዘግቶ ቆየ። ከአውሮፓ የሚመጣ መርከብ እንደ ጥንቱ አፍሪካን መዞር ግድ ሆነበት። ይህ ነገር በእኛም ዘመን ተደግሟል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት በመጀመራቸው ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዙረዋል። መንገድ ሲረዝም የነዳጅ፣ የኢንሹራንስና የኖሎ ዋጋ ይጨምራል። ኖሎ የሚባለው ለመርከብ ጭነት የሚከፈለው ኪራይ ነው። ጭማሪው መጨረሻ የሚያርፈው ግን በነጋዴው ወይም በመርከቡ ባለቤት ላይ አይደለም፤ ገዋኔ ሱቅ ሄዶ አንድ ሊትር ዘይት በሚገዛው ሰው ላይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ሆነች። ያም ሆኖ አሰብን መጠቀሟን ቀጥላ ነበር። አብዛኛው የገቢና የወጪ ዕቃም በዚያ ያልፍ ነበር። በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን ይህ በር በአንድ ጊዜ ተዘጋ። በገዋኔ በኩል የሚወርደው መኪና ቀድሞ ዲቾቶ ላይ ሲደርስ ወደ ኤሊዳርና ቡሬ አቅጣጫ ይሄድ የነበረው ወደ ጋላፊ ታጠፈ። እንግዲህ አንድ የመንገድ መታጠፊያ የአንድን አገር ንግድ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው አዛወረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል።

መርከቦቹስ ምን ሆኑ? መርከቦቹ ቀሩ። ባሕር የሌላት አገር መርከብ ሊኖራት ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ተማሪ ቢያነሣ መልሱ አዎን ነው። ባሕር የሌላቸው አገሮች ባንዲራቸውን በመርከብ ላይ የማውለብለብ መብት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና በወጣው የአገሮች መግለጫ ታውቋል። ስዊዘርላንድን የመሰለች በተራራ የተከበበች አገር እንኳ የንግድ መርከብ ያላት በዚህ ነው። የእኛም ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ከባሕርና ትራንዚት አገልግሎት እንዲሁም ከደረቅ ወደብ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ሆነ። በዚያው ሰሞን በቻይና ካሠራቸው አዳዲስ መርከቦች መካከል ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ የተባሉ ይገኙባቸዋል። አንዷም የክልላችንን ዋና ከተማ ስም ይዛ «ሰመራ» ተብላለች። ባሕር የሌላት ከተማ ስም ባሕር ላይ ሲሄድ ማየት ለተማሪዎቻችን ጥሩ የትምህርት መነሻ ነው።

ሐ/ አንዲት መርከብ በገዋኔ ስታልፍ፤ የሒሳብ ምሳሌ

አሁን ከታሪኩ ወጥተን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከላይ ከጠቀስናቸው መርከቦች መካከል ወደ 28,000 ቶን የሚጭኑ አሉ። ለምሳሌ ያህል አንዲት ይህን የምታህል መርከብ ማዳበሪያ ብቻ ጭና ጅቡቲ ደረሰች እንበል። አንድ ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይጭናል።

28,000 ቶን ሲካፈል ለ40 ቶን = 700 መኪና።

አንዲትን መርከብ ባዶ ለማድረግ 700 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁሉም በገዋኔ ቢያልፉና በየአምስት ደቂቃው አንድ መኪና ቢያልፍ፣ 700 ሲባዛ በ5 = 3,500 ደቂቃ ይሆናል። ይህም 58 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳያቋርጡ ቢያልፉም አያልቁም። የሚያልፈው እኮ የአንዲት መርከብ ጭነት ብቻ ነው!

በባቡርስ? አንድ የጭነት ባቡር 2,000 ቶን ይስባል ብንል 14 ጉዞ ይበቃል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ ሥራውን የጀመረው፣ ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ባቡሩ ግን በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል እንጂ በገዋኔ አያልፍም። ከሐዲዱ ከወረደም በኋላ ዕቃውን ወደየወረዳው የሚያደርሰው ያው መኪና ነው። ስለዚህ ባቡርና መኪና እንደ ጣውንት የሚታዩ ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያሟላ ነው።

ሒሳቡን እንቀጥል። 28,000 ቶን ማለት 280,000 ኩንታል ነው። አንድ ገበሬ ለአንድ ሄክታር መሬት ሁለት ኩንታል ይጠቀማል ብንል፣ የአንዲት መርከብ ጭነት ለ140,000 ሄክታር ይበቃል። አሁን ይህች መርከብ ሁለት ሳምንት ዘገየች እንበል። ፋብሪካ ውስጥ ለሚገባ ጨርቅ ሁለት ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው። ለገበሬው ግን አይደለም። ሰኔና ሐምሌ ሰው አይጠብቁም፤ ዝናቡ መርከቧ እስክትደርስ ብሎ አይዘገይም። ማዳበሪያው ከዘር በኋላ ቢደርስ ዕዳ እንጂ ምርት አይሆንም። ስለዚህ በገዋኔ መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ቢሰበር ወይም መኪና ተገልብጦ መንገዱ ቢዘጋ፣ ጎጃምና አርሲ ያለ ማሳ ይነካል። የመንገዱ ትምህርት ለእኛ ለአፋር ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

መ/ ገንዘቡ የሚወጣው የት የት ላይ ነው?

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ፋብሪካው ከሸጠበት ዋጋ በላይ የሚሆነው በመንገዱ ላይ በሚጨመሩበት ወጪዎች ነው። እነዚህም በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኖሎ፤ ይኸውም ከላይ እንደተገለጠው የመርከቡ ኪራይ ነው። አስመጪው ዕቃውን «ኤፍ. ኦ. ቢ.» በሚባለው ውል ከገዛ፣ ሻጩ ኃላፊነቱ ዕቃውን በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ እስኪያወጣ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መርከብ የሚመርጠው ገዢው ነው። አገራችን ይህን የውል ዓይነት ስትመርጥ የኖረችው ዕቃው በራሷ የመርከብ ድርጅት እንዲጓጓዝና ኖሎው በብር እንዲከፈል በማሰብ ነው። ዶላር የሚቆጠበው በዚህ ነው። በሌላ በኩል ነጋዴው ሌላ ርካሽ መርከብ ቢያገኝ እንዳይመርጥ ያደርገዋል የሚል ክርክር አለ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ተማሪዎች ሁለቱንም ሰምተው ይመዝኑ።

2ኛ/ የወደብ ክፍያ፤ ለማራገፊያ፣ ለመጋዘንና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚከፈል ነው። ይህ ለጎረቤት አገር የሚከፈል ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ ይወጣል።

3ኛ/ ዲመሬጅ፤ መርከቧ ወይም ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈል ቅጣት ነው። ይህ ከሁሉም የሚያስቆጨው ነው፤ ምክንያቱም የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ሳይሆን ላልተሠራ ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል ያቺ መርከብ ለእያንዳንዱ ቀን 15,000 ዶላር ትከፍላለች ብለን እናስብ። አሥር ቀን ብትቆም 150,000 ዶላር ይሆናል። ለ280,000 ኩንታል ሲካፈል በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ከግማሽ ዶላር በላይ ይጨመራል። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ የባንክ ወረቀት መዘግየት፣ አንዳንድ ጊዜ የመኪና እጥረት፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ፊርማ ነው። ገበሬው ያንን ፊርማ አያውቀውም፤ ዋጋውን ግን ይከፍላል።

4ኛ/ የየብስ ማጓጓዣ፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ወደ ላይ የሚመጣው መኪና ሙሉ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ የጫነው ጥቂቱ ሲሆን ብዙው ባዶውን ይሄዳል። የምናስገባው ዕቃ ከምናስወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ነው። ባለመኪናው የባዶውን ጉዞ ኪሣራ በሙሉው ጉዞ ላይ ደርቦ ያስከፍላል። ሌላ ዘዴም የለውም። መኪኖቹ ሞልተው እንዲወርዱ የምናደርግበት ቀን የሁሉም ዕቃ ዋጋ የሚቀንስበት ቀን ነው።

ይህን ወጪ ለመቀነስ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ ደረቅ ወደብ ነው። ደረቅ ወደብ ማለት ባሕር በሌለበት ቦታ የወደብ ሥራ የሚሠራበት ግቢ ነው። ዕቃው በጅቡቲ ብዙ ሳይቆይ እንደታሸገ መጥቶ ጉምሩኩም ሌላውም ሥርዓት እዚሁ ይፈጸማል። ትልቁ ሞጆ ያለው ነው። በእኛም ክልል በሰመራ አለ። በአንድ ሰነድ ከመጫኛው ወደብ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ በአንድ ድርጅት ኃላፊነት የሚመጣበትን አሠራር «መልቲ ሞዳል» ይሉታል።

ሠ/ የገዋኔ ድርሻ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። በዓመት ይህን ያህል ሀብት በደጃችን ሲያልፍ ለእኛ ምን ይቀራል? ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡ፣ አልጋ ቤቱ፣ ለሹፌርና ለረዳት ምሳ የሚያቀርበው ምግብ ቤት፣ ፍየልና ወተት ለመንገደኛ የሚሸጠው አርብቶ አደር፣ እነዚህ ሁሉ ከመንገዱ ይበላሉ። ይህ ቀላል አይደለም።

ግን ጎኑንም ማየት አለብን። ግመልና ከብት ከግጦሽ ወደ አዋሽ ወንዝ ሲወርድ መንገዱን ማቋረጥ አለበት። በፍጥነት የሚመጣ ተሳቢ ቶሎ አይቆምም። በዚህ የሚጠፋው የእንስሳ ብቻ ሳይሆን የሰውም ሕይወት ነው። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከመኪና ላይ ዕቃ ማውረድና መጫን የጀመረ ልጅም እናውቃለን። ዛሬ ያገኛት ጥቂት ብር ነገ ሹፌር፣ መካኒክ፣ ትራንዚተር ወይም የመርከብ መሐንዲስ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ትበላበታለች።

የመርከብ መሐንዲስ ስንል ደግሞ ቀልድ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በጣና ዳር የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ በውጭ አገር መርከቦች ላይ መኮንኖች ሆነው እንዲቀጠሩ አድርጓል። ባሕር የሌላት አገር ልጆች በውቅያኖስ ላይ ሠርተው ለቤተ ሰባቸው ዶላር ይልካሉ። ታዲያ ከእነሱ መካከል የገዋኔ ልጅ የማይኖርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሒሳብና ፊዚክስ በደንብ ያስተማረው መምህር ካገኘ ይኖራል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የአፋር ሕዝብ ለንግድ መንገድ አዲስ አለመሆኑንም ለተማሪዎቻችን እንንገራቸው። ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው፣ አሞሌ ሆኖ በመላው አገር እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ያኔ መንገዱን የሚያውቀው፣ ውኃው የት እንዳለ የሚመራው፣ ዋጋውን የሚደራደረው አፋሩ ራሱ ነበር። ያኔ ባለ ንግድ የነበረ ዛሬ የመንገድ ዳር ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መሣሪያው ትምህርት ነው።

ረ/ የመጠቀም መብትና ባለቤትነት

የባሕር በር ጉዳይ በአሁኑ ጊዜ በየቡና ቤቱ የሚነሣ ወሬ ነው። መምህር ግን በወሬ አያስተምርም። በክፍል ውስጥ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል።

አንደኛው በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር የመተላለፍና ወደብ የመጠቀም መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ላይ ባሕር የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና በመተላለፊያ አገር ግዛት የመተላለፍ ነጻነት እንዳላቸው ይናገራል። ዝርዝሩ ግን በሁለቱ አገሮች ስምምነት እንደሚወሰን ዚያው አንቀጽ ይገልጻል። ሁለተኛው የግዛት ባለቤትነት ነው። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር መቀላቀል የለበትም። ተማሪ ሁለቱን ካልለየ ጋዜጣ አንብቦ አይገባውም፤ ሬዲዮ ሰምቶም ይሳሳታል።

በአንድ በር ብቻ መንቀሳቀስ አደጋ እንዳለው ከ1990 ዓ.ም. ታሪክ ማየት ይቻላል። አማራጭ መፈለግም ለዚህ ነው። ሆኖም ጅቡቲም ቢሆን ከእኛ ጋር የተሳሰረ ኑሮ አላት። በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች ወዲህ ወደቧ የሚሠራው በአብዛኛው በኢትዮጵያ ጭነት ነው። እኛ ያለ እሷ ወደብ፣ እሷም ያለ እኛ ጭነት ይቸግራታል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን በንግድም ይሠራል። በዚህ ላይ ድንበሩ በሁለቱም ወገን ያለው የአፋር ቤተ ሰብ መሆኑን መርሳት አይገባም።

አዋሽ ወንዝን እንመልከት። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በገዋኔና በአሳይታ አልፎ ወደ ባሕር አቅጣጫ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይሁንና በመንገዱ ያለውን ሁሉ አጠጥቶ ነው የሚቀረው። የወንዝ ጥቅሙ ባሕር በመድረሱ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ የንግድ መንገድም ጥቅሙ በመጨረሻው ወደብ ብቻ አይለካም፤ በሚያልፍበት አገር በሚተወው ይለካል።

ሰ/ በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

የማስተማሪያ መሣሪያ የለንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1ኛ/ የኮንቴይነር ንባብ። በእያንዳንዱ ኮንቴይነር በር ላይ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኃዞች ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የባለቤቱ ድርጅት ምልክት ናቸው። አራተኛው ፊደል የዕቃውን ዓይነት ያሳያል። ስድስቱ አኃዞች የሣጥኑ መለያ ሲሆኑ የመጨረሻዋ ብቻዋን ያለችው አኃዝ ከፊተኞቹ በሒሳብ ተሰልታ የምትገኝ ናት፤ አንድ ፊደል ወይም ቁጥር ተሳስቶ ቢጻፍ ስሕተቱን ታጋልጣለች። ከዚህ በታች የባዶው ሣጥን ክብደትና ሊጭን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ አንድ ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይወጣል። ቆሞ ያለ ኮንቴይነር በማየት እንጂ ልጆችን ወደ መንገድ ዳር በመውሰድ መደረግ እንደሌለበት ግን አጥብቀን እናሳስባለን።

2ኛ/ የሱቅ ጥናት። ተማሪዎች ቤታቸው ያለውን ዘይት፣ ሩዝ፣ ባትሪ፣ ሳሙና አይተው የት እንደተሠራ መለያው ላይ ያንብቡ፤ ከዚያ በካርታ ላይ መንገዱን እስከ ገዋኔ ይሳሉ። ካርታ ከሌለ መሬት ላይ በእንጨት ይሣላል።

3ኛ/ የሣጥኑ ታሪክ። የመጀመሪያዋ የኮንቴይነር ጉዞ በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. በአሜሪካ ተደረገች፤ አንዲት መርከብ 58 ሣጥኖችን ይዛ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ሄደች። ሐሳቡን ያመጣው ማልኮም ማክሊን የመርከብ ሰው አልነበረም፤ የጭነት መኪና ባለቤት ነበር። ዕቃ አንድ በአንድ በትከሻ ሲራገፍ ጊዜ እንደሚባክን በማየቱ ሣጥኑን እንዳለ ማንሣት ይሻላል አለ። በመንገድ ዳር ያለ ሰው የባሕርን ሥራ ሊለውጥ እንደሚችል ለገዋኔ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሲንጋፖርና ሞሪሺየስ ሁለቱም ደሴቶች ሆነው ሳለ የስዊዝ ቦይ መከፈት ለሞሪሺየስ ወደብ ጉዳት የሆነው ለምንድን ነው?
2. አንድ የጭነት ባቡር 1,600 ቶን የሚስብ ቢሆን፣ 28,000 ቶን ለማንሣት ስንት ጉዞ ያስፈልጋል?
3. ዲመሬጅ ከሌሎች ወጪዎች በምን ይለያል? ለመቀነስስ ማን ምን ማድረግ አለበት?
4. በከተማችን የሚያልፈው ጭነት ለአካባቢው ሕዝብ የበለጠ እንዲጠቅም ምን ዓይነት ሙያ ልናስተምር ይገባል?

ውድ አንባብያን፤ ባሕር የለንም ብለን ስለ ባሕር አለማወቅ ሁለተኛ ድህነት ነው። የደሴት ልጅ መርከብን በመስኮቱ ያያል፤ የገዋኔ ልጅ ደግሞ የመርከቡን ጭነት በመስኮቱ ያያል። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ያየውን እንዲያነብ ማድረግ ግን የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው። መልሶቻችሁንና አስተያየታችሁን ለዓምዱ አዘጋጆች እንድታቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።